ሰንጋውን ከማሰራችሁ በፊት ዋጋውን እሰሩ

ከሰሜን ሸዋ፣ ከሞረትና ጅሩ ሦስት ሰንጋ አስጭኜ አዲስ አበባ መግቢያ ካራ የከብት ገበያ የደረስኩት ማክሰኞ ማታ ነበር፤ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ። ገና ከአይሱዙው ሲወርዱ አንድ ነጋዴ ቡሬውን ዞር ዞር ብሎ አየና 80,000 ብር ሰጠኝ። አብሮኝ የሄደው የባለቤቴ ወንድም «በዓሉ እሑድ ነው፤ ነገ ይጨምራል» አለ። እኔም ይጨምራል ብዬ እምቢ አልኩ። ረቡዕ ጎህ ሳይቀድ ከየአቅጣጫው የመጣው መኪና ከብት ማራገፍ ጀመረ። ሜዳው ሞላ፤ የነጋዴውም ዓይን ከእኛ ላይ ተነሣ። ሐሙስ ረፋድ ላይ ያንኑ ቡሬ በ72,000 ብር ሸጥኩት፤ ዳልቻውን በ68,000፣ ቀዩን በ61,000።

በእነዚያ ሁለት ቀናት ደጋግሜ የሰማሁት አንድ ንግግር እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «እትዬ፣ ካልተስማማዎት ይዘውት ይመለሱ።» የሚናገረው ሰው እንደማልመለስ ያውቃል። መመለስ ማለት እንደገና መኪና መከራየት ነው፤ በመንገድ የሚቀልጥ ሥጋ ነው፤ ከበዓል በኋላ ደግሞ ፈላጊ የሌለው ሰንጋ ማብላት ነው። ገበያ ላይ የቆመ ሰንጋ ያለው ገበሬ ዋጋ አይጠራም፤ ዋጋ ይጠራበታል። ወደ ቤት ስንመለስ በአንድ ልኳንዳ ቤት ደጃፍ አለፍን። ሰሌዳው ላይ የተጻፈው የኪሎ ሥጋ ዋጋ ማክሰኞ ስንገባ ያየሁት ነው፤ አንድም ብር አልቀነሰም። የእኔ በሬ 8,000 ብር ሲወርድ የወረደለት በላተኛ የለም።

ይህን የምጽፈው ከብት ለሚያደልቡና ለመጀመር ለሚያስቡ ሰዎች ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በረቱን የያዝኩት እኔ ነኝ። እሱ በሬ ሲገዛ ሥጋውን በዓይኑ ይመዝን ነበር፤ ጀርባውን፣ ሽንጡን፣ የቆዳውን ልቅነት አይቶ ስንት ኪሎ እንደሚወጣው ይናገራል፤ ብዙም አይሳሳትም። እኔ ያ ዓይን የለኝም። ስለዚህ ዓይኑን የሚተካ ነገር መፈለግ ነበረብኝ።

ከካራ በተመለስን በሳምንቱ ከልጄ ጋር ደብተር ይዘን ተቀመጥን። ሦስቱን በሬዎች የገዛኋቸው ጥር 4 ቀን በ48,000 ብር ሒሳብ፣ በድምሩ በ144,000 ብር ነው። እስከ ሚያዝያ 24 ድረስ 110 ቀን በልተዋል። ፉርሽካው፣ የኑግ ፋጉሎው (ዘይቱ የተጨመቀለት ኑግ)፣ ጨውና የተፈጨው ጓያ ተደምሮ ለአንድ በሬ በቀን 160 ብር ይወጣል፤ ለሦስቱ 52,800 ብር። መኪና 4,500፣ መድኃኒትና ገመድ 2,100፣ ደላላ 3,000፣ ካራ ላይ ማሳደሪያ 1,600። ጠቅላላ ወጪ 208,000 ብር። የሸጥኩት በ201,000። የብድሩን ወለድ 4,800 ብር ስንጨምርበት 11,800 ብር ከስሬአለሁ። ከጓሮዬ የወጣውን ጭድ አልቆጠርኩትም። የእኔንና የልጄን ጉልበትም አልቆጠርኩትም። ልጄ እርሳሷን አስቀምጣ ዝም አለች፤ እኔም የምላት አልነበረኝም።

ጥፋቱ ሁሉ የገበያው ነው ብዬ ነበር። ደብተሩ ግን ሌላም ነገር አሳየኝ። በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 8 ነበር፤ በዚያ ዓመት ጥር መጀመሪያ ለማድለብ አስሬ ጥሩ ሸጫለሁ። በ2016 ፋሲካ ሚያዝያ 27 ዋለ። እኔ ግን እንደ ልማዴ ጥር መጀመሪያ ላይ አሰርኩ። 19 ቀን በከንቱ አበላሁ ማለት ነው፤ በቀን 160 ብር፣ ሦስት በሬ፣ 9,120 ብር። ከኪሳራዬ አብዛኛው እዚህ ጋ ነበር። የአጽዋማትን ቀን ከልጅነቴ ጀምሮ የምቆጥር ሰው፣ ለበረቴ ሳልቆጥርለት ቀረሁ።

የእኛ አገር የሥጋ ገበያ የሚመራው በጾምና በበዓል ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም፤ ከመኖ ጋር አገናኝቶ የሚያሰላው ግን ጥቂት ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ይዘልቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በእነዚህ ጊዜያት በአብዛኛው የሰሜን ሸዋ ከተማ ልኳንዳ ቤት ይዘጋል ወይም ይቀዘቅዛል። ለቅበላ ደርሶ ያልተሸጠ ሰንጋ ቀጣይ ገዢው ፋሲካ ነው፤ 55 ቀን ሙሉ ይበላል። ከዚያ ደግሞ ሁላችንም በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ሜዳ ላይ እንገናኛለን። ጥሩ አደለብኩ ብሎ የመጣ ሁሉ የሌላውን ዋጋ ይሰብራል። ማንም ክፉ ሆኖ አይደለም። ማን ምን ያህል ሰንጋ ይዞ እንደሚመጣ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ ነጋዴው ግን ከእኛ ቀድሞ ያውቃል፣ ስልኩ ሲጮኽ ያድራል።

ከዚያ ዓመት ወዲህ ወደ ኋላ እቆጥራለሁ። የ2017 ፋሲካ ሚያዝያ 12 ነበር። ከጳጉሜ በቀር ወራችን ሁሉ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው ቀላል ነው፤ 90 ቀን ወደ ኋላ ስንሄድ ጥር 12፣ የጥምቀት ማግስት። የዚያን ቀን ሁለት በሬ አስገባሁ። የሦስተኛውን ገንዘብ ለመኖ አስቀረሁት፤ ጭዱን አውድማ ላይ ርካሽ በነበረበት ጊዜ ገዝቼ ከምሬ ነበር፤ ክረምት ላይ ጭድ የሚገዛ አድላቢ ትርፉን ለጭድ ሻጭ ይሰጣል። እንደገቡ የውስጥ ጥገኛ ትል መድኃኒት አሰጠሁ፣ ለአባ ሰንጋ አስከተብኩ። ይህን ማንም አይዝለለው። በተለይ መድኃኒቱ ከውጭ ስለሚመጣ፣ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ ዋጋው ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች ሲሄድ አላየሁም፤ ቢሆንም የሞተ በሬ ከመድኃኒት ይወደዳል።

አሁን ስለ ሜትሩ ልንገራችሁ። የወረዳችን የግብርና ባለሙያ ሚዛን በሌለበት ቦታ የከብትን ክብደት በሜትር መገመት እንደሚቻል አስተማረን። ከፊት እግሩ ኋላ፣ ደረቱን ዙሪያውን ትለካላችሁ። ቀጥሎ ከትከሻው ጫፍ እስከ መቀመጫው አጥንት ርዝመቱን። ሁለቱም በሴንቲ ሜትር። የደረቱን ዙሪያ በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን በርዝመቱ አባዙት፣ ከዚያ ለ10,840 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የቁም ክብደቱ ነው፤ በኪሎ። ግምት ነው፤ የሆዱ ሙላት ያዛባዋልና ሁልጊዜ ጠዋት፣ ሳይበላ ለኩት። በሬው በአራቱም እግሩ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ አንገቱን አያዙር።

እኔ ቤት ያለው የልብስ ስፌት ሜትር 150 ሴንቲ ሜትር ነው። የደለበ በሬ ደረት ከዚያ ያልፋል። ሁለት የስፌት ሜትር አጋጥሜ ሰፋሁ። የመጀመሪያ ቀን ስለካ የጎረቤት ልጆች በረቱ ደጅ ላይ ተሰብስበው «ሱሪ ልታሰፊለት ነው?» ብለው ሳቁ። ዛሬ ሜትሩን የሚዋሱኝ የእነዚያው ልጆች አባቶች ናቸው።

ቀዩ በሬ ጥር 12 ሲገባ የደረቱ ዙሪያ 158፣ ርዝመቱ 135 ነበር፤ 311 ኪሎ ገደማ። በ60ኛው ቀን ደረቱ 167 ደረሰ፤ 347 ኪሎ። በ90ኛው ቀን 170፤ 360 ኪሎ። የአገራችን በሬ በደንብ ከደለበ ከቁም ክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከነአጥንቱ ሥጋ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት 36 ኪሎ ጨመረ፤ በመጨረሻዎቹ 30 ቀናት 13 ብቻ። የዚያን ዓመት መኖ በቀን 190 ብር ነበርና ለመጨረሻው ወር 5,700 ብር አውጥቼ ያገኘሁት ሥጋ 6 ኪሎ ተኩል ነው። ጮማው የሚበስለው በዚያ ወር ስለሆነ ጨርሶ መተው አይቻልም፤ ጭማሪው ሲቆም ግን አንድ ቀንም ማሳደር ኪሳራ መሆኑን ሜትሩ ይነግራችኋል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የጽሑፌ ዋና ነገር ስለሆነ። ቀዩን የገዛሁት በ58,000 ብር ነው። በገባበት ክብደት ሥጋው 155 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል፤ በኪሎ 373 ብር። የሸጥኩት፣ ኋላ እንደምነግራችሁ፣ በ96,000 ብር ነው፤ 180 ኪሎ ሥጋ፣ በኪሎ 533 ብር። የጨመርኩት 25 ኪሎ ያህል ሥጋ በዚያ ዋጋ ቢሸጥ 13,000 ብር ገደማ ይሆናል፤ መኖው ደግሞ 17,100 ብር በልቷል። የተጨመረው ኪሎ ብቻውን የበላውን አይከፍልም ማለት ነው። እኛን የሚያኖረን የከሳው ሲደልብ የእያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ ከፍ ማለቱ ነው። እንግዲህ ያ ልዩነት በአንድ ሌሊት በገበያ ግርግር ከተበላ፣ መልካም በረት፣ መልካም መኖ፣ መልካም እጅ ቢኖራችሁም ትርፍ የለም። አድላቢው ስለ ዋጋ መረጋጋት ሲጮኽ ውድ ይሸጥልኝ ማለቱ የሚመስላቸው ሰዎች ይህን ሒሳብ ቢሠሩት ደስ ይለኛል። የምንፈልገው ጥር ላይ ስናስር ሚያዝያ ላይ በስንት እንደምንፈታ ማወቅ ነው።

መንገዱን ያገኘሁት ደብረ ብርሃን፣ ከዘመድ ቤት ለቅሶ ላይ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የሚሠሩ አሥራ ሁለት ባልደረቦች በየበዓሉ ቅርጫ ይገባሉ። ሰብሳቢያቸው አጠገቤ ተቀምጦ ያማርር ጀመር፤ «ከደመወዝ ስንት እንደምናስቀር አናውቅም፤ በበዓሉ ዋዜማ ደላላ የጠራልንን ከፍለን እንመጣለን፤ አንዳንዴ ገንዘቡ ሳይሞላ ከሳ ያለ በሬ ይዘን እንመለሳለን» አለ። እኔም ካራ ላይ የደረሰብኝን ነገርኩት። የእሱ ችግርና የእኔ ችግር አንድ ሆኖ አገኘነው። ማዶና ማዶ ቆመን በማናውቀው ዋጋ ስንታመስ ኖረናል።

የካቲት መጀመሪያ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ በወረቀት ተዋዋልን። ዋጋው 96,000 ብር፤ ለአንድ መደብ 8,000። የካቲት ላይ 20,000 ቀብድ፣ መጋቢት ላይ 40,000፣ ቀሪው 36,000 በሬውን ሲረከቡ። በቀብዱ ፉርሽካና ፋጉሎ ገዛሁ፤ በዚያ ዙር ለመኖ አልተበደርኩም። በሬው በሜትር ሲለካ ከ340 ኪሎ እንዳያንስ ጻፍን፤ የምንለካውም ሁለታችንም ባለንበት። በመሐል የፉርሽካ ዋጋ ከሩብ በላይ ከጨመረ ልዩነቱን እኩል እንካፈላለን። በሬው ቢታመም ወይም ቢሞት ሌላ እተካለሁ፣ ካልቻልኩ ገንዘባቸውን እመልሳለሁ። ሁለት ምስክር ፈረመ። ውሉን ስንጽፍ የረሳነው መንገድ ቢዘጋስ የሚለውን ነው። በእኛ አካባቢ መንገድ ለቀናት ሲዘጋ ማየት አዲስ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ ፈርቼ ከበዓሉ ሰባት ቀን አስቀድሜ ደብረ ብርሃን ዘመድ ግቢ አምጥቼ አሰርኩት። የሰባቱ ቀን ሥጋት የእኔ ነበር። አሁን በምንፈርመው ውል ላይ መንገድ ቢዘጋ የሚወጣውን መኖ ሁለታችን እንካፈላለን።

ፈተናው የመጣው ሆሳዕና ሰሞን ነው። አንድ ነጋዴ ቀዩን አይቶ 104,000 ብር ጠራ። የባለቤቴ ወንድም «ቀብዱን ይመልሱላቸውና ለዚህ ይስጡት፣ እትዬ» አለኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ 8,000 ብር የልጄ የትምህርት ቤት ወጪ ነው። ግን ዋጋ ሲወጣ ውል የሚያፈርስ ገበሬ፣ ዋጋ ሲወርድ ውል ያፈረሰበትን ገዢ በምን አፉ ይከሳል? ቅዳሜ ሹር አስረከብኳቸው። በሜትር ለካን፤ 360። ሰብሳቢው ቁጥሩን ጮክ ብሎ አነበበና ቀሪውን 36,000 ቆጥሮ ሰጠኝ፤ ማንም ከማንም ጋር አልተጨቃጨቀም። ለበሬው የወጣብኝ ከመግዣው ጋር፣ መኖው 17,100 እና ሌላው ሁሉ 2,900 ብር ተደምሮ፣ 78,000 ብር ነበር። 18,000 ብር ቀረልኝ፤ በቀን 200 ብር። ያን ጊዜ ያልተዋዋልኩት ሁለተኛው በሬ ገበያ ወጥቶ በ79,000 ብር ተሸጠ፤ ወጪው 76,500 ነበር። አንድ በረት፣ አንድ መኖ፣ አንድ ሰው ያደለባቸው በሬዎች ናቸው።

ቅርጫ ግን ሁሉንም አድላቢ አያነሣም። በጅሩ ሜዳ የሚደልበው ሰንጋ ብዙ ነው፤ ሁሉም ደብረ ብርሃን ውስጥ ማኅበር አያገኝም። ከእኔ አቅም በላይ የሆነውንም ልናገር። የቁም እንስሳት ግብይት አዋጅ ቁጥር 819/2006 ከወጣ ብዙ ዓመት ሆነ፤ እኔ በምወጣባቸው ገበያዎች ግን እስከ ዛሬ በሬ የሚወጣበት ሚዛን አላየሁም። ሁሉም በዓይን ነው። በዓይን የሚሸጥ ነገር ደግሞ ሁልጊዜ ብዙ ያየ ሰው ያሸንፍበታል፤ ነጋዴው በቀን መቶ በሬ ያያል፣ ገበሬው በዓመት ሦስት። ሚዛን ቢቆም፣ የካራና የሌሎች ገበያዎች የሳምንት ዋጋ በኪሎ ተሰልቶ በሬዲዮ ቢነገር፣ ጅሩ ላይ ያለው ሰው መኪና ከመከራየቱ በፊት ያውቀዋል። በባሶና ወራና አካባቢ የብቅል ገብስ የሚዘሩ ገበሬዎች ከመዝራታቸው በፊት ከፋብሪካ ጋር ይዋዋላሉ። ለገብስ የተቻለ ለሰንጋ የማይቻልበት ምክንያት አይገባኝም። ኅብረት ሥራ ማኅበራት ከሆስፒታል፣ ከዩኒቨርሲቲ፣ ከፋብሪካ ካፍቴሪያ ጋር በየሩብ ዓመቱ ቢዋዋሉ በበዓል ሳምንት የሚጣደፈው ከብት ይቀንሳል።

አንድ ነገር ግን እቃወማለሁ። ሥጋ ሲወደድ «መንግሥት የሥጋ ዋጋ ይተምን» የሚል ድምፅ ይነሣል። የልኳንዳው ዋጋ ተተምኖ የፉርሽካው፣ የነዳጁና የመድኃኒቱ ዋጋ ከተለቀቀ፣ ልኳንዳው የጎደለበትን የሚሞላው ከነጋዴው ነው፤ ነጋዴውም ከእኔ። የተረጋጋ ዋጋ ከታች፣ ከበረት መጀመር አለበት።

ለመጀመር ለምታስቡ፦ ሦስት በሬ ለመግዛት የሚበቃ ገንዘብ ካላችሁ ሁለት ግዙ። የቀረው የመኖና የድንገተኛ ነገር ይሁን። የመጀመሪያውን ዙር ከቅበላ ጋር አታጋጥሙት። የምታበሉትን በየቀኑ ጻፉ፤ የማይጽፍ ሰው ዋናውን የሚመልስለትን ዋጋ አያውቅም፤ የማያውቅ ደግሞ ካራ ላይ የመጀመሪያውን ጥሩ ዋጋ ይገፋል፣ እኔ እንደገፋሁት። ያን ማክሰኞ ማታ ለቡሬው ያወጣሁት ወደ 70,000 ብር መሆኑን ባውቅ ኖሮ 80,000ውን ተቀብዬ እመለስ ነበር።

ይህን ስጽፍ ጥቅምት 2018 ነው። መስከረም 29 ያስገባኋቸው ሦስት በሬዎች ለገና ታስረዋል። ሁለቱ ተዋውለዋል፤ አንዱን ያው የደብረ ብርሃን ማኅበር ይወስደዋል፣ ሌላውን የእነሱ ዘመዶች ከጫጫ። ለሦስተኛው ዋጋ ጠይቀውኛል፤ የፉርሽካው ዋጋ ሳይታወቅ አልጠራም ብዬ አቆይቻቸዋለሁ። ልጄ ጠዋት ለካችው፤ የደረቱ ዙሪያ 161 ሆኗል። የ2018 ፋሲካ ሚያዝያ 4 ስለሆነ፣ ለእሱ የሚደልቡት ጥር 4 ይገባሉ።